ሙዳይ ውስጥ የቆየው ካርድ

ቤታችን ውስጥ የበሽታው ስም አይጠራም ነበር። እናቴ "ያ ነገር" ነው የምትለው። አባቴ "ያን ጊዜ" ይላል፤ በሽታውን ትቶ ዘመኑን ይጠራል። ጎረቤት ደግሞ "ያ ክፉ በሽታ" ብሎ ያማትባል። እኔም ብሆን "ካንሰር" የሚለውን ቃል ስለ ራሴ በአፌ ያወጣሁት 23 ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው።

አሁን 25 ዓመቴ ነው። ጎጃም ውስጥ፣ ፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። በ12 ዓመቴ ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል የእጢ ካንሰር ይዞኝ ታክሜ ድኛለሁ። ይህን የምጽፈው በልጅነታቸው ካንሰር ታመው ለዳኑና ዛሬ እንደ እኔ ወጣት ለሆኑ ነው። እናትና አባቶቻቸው ቢያነቡትም ደስ ይለኛል። ስሙ አለመጠራቱ ምን ያህል እንደጎዳኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እናንተ እንዳይዘገይባችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንገቴ ላይ አንዲት እጢ ወጣች። ስትጀምር ሽንብራ ታክላለች። አታመኝም። ከሁለት ወር በኋላ የዶሮ እንቁላል አከለች። "እንቅርት ነው" ተባለ፤ በእኛ አገር አንገት ላይ ያበጠ ነገር ሁሉ እንቅርት ነው። አንዲት የባህል ሐኪም በጋለ ብረት ተኮሱኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ግሽ ዓባይ ሄደን ሁለት ሱባኤ ጠበል ተጠመቅሁ። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ሄድን። "የእጢ ቲቢ ነው" አሉንና መድኃኒት ተጀመረልኝ። አራት ወር ዋጥኩ። እጢዋ ግን ጭራሽ ሌሎች እጢዎች ጨመረች። ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል። ቀሚሴ ሰፋኝ።

በዚህ ማንንም አልወቅስም። የእጢ ቲቢ አገራችን ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። ሁለቱ በሽታዎች ደግሞ ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። አማርኛችን እንኳ ሁለቱንም "ነቀርሳ" ሲል ኖሯል። የሚለየው ከእጢው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ስለዚህ የቲቢ መድኃኒት በሥርዓቱ እየወሰደ እጢው አልቀንስ ያለ ልጅ ካላችሁ፣ "ናሙና ይወሰድለት" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

በ2004 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ጥቁር አንበሳ ገባን። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኬሞው፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱ፣ በየ15 ቀኑ፣ 12 ጊዜ ነበር። አንዳንዴ ተመልሰን አገራችን እንገባለን፤ አንዳንዴ ዘመድ ቤት እንቆያለን። ዛሬ እንደ ተስፋ አዲስ ያሉ የወላጆች ማኅበራት ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና ለአስታማሚዎቻቸው ማረፊያ ይሰጣሉ። እኛ ያን ጊዜ የምናውቀው አልነበረንም። አባቴ ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ሸጠ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ነው ያረሰው። ታላቅ ወንድሜ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ እርሻውን ያዘ።

ከመድኃኒቶቹ አንዱ ቀይ ነበር፤ እንደ ቀይ ሻይ ያለ። እሱን የወሰድኩ ቀን ሽንቴ ቀላ። እናቴ ደም መስሏት ኮሪደሩ ላይ ጮኸች። ነርሷ እየሮጠች መጥታ "የኔ እናት፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ ነገ ይጠራል" አለቻት። እውነትም ጠራ። የቀዩ መድኃኒት ስም ዶክሶሩቢሲን መሆኑን የሰማሁት ግን ከ11 ዓመት በኋላ ነው።

አጠገቤ ከወለጋ የመጣ አንድ ልጅ ተኝቶ ነበር። እሱ አማርኛ አይችልም፤ እኔ ኦሮምኛ አልችልም። ገበጣ ግን ሁለታችንም እንችል ነበር። ካርቶን ላይ ጉድጓድ ስለን በጠጠር እንጫወታለን። አንድ ቀን ከአገር ስንመለስ አልጋው ላይ ሌላ ልጅ ተኝቷል። ማንም ምንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። የእሱ ሁለት ጠጠሮች ግን ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

በ2005 ኅዳር ላይ የጨረር ሕክምናውም አለቀ። አንገቴንና የደረቴን የላይኛውን ክፍል ነበር የተጨረርኩት። አባቴ በግ አረደ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ መረቀኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ወሬው ተዘጋ። ለሦስት ዓመት ክትትል ተመላለስን። ከዚያ የአሥረኛ ክፍል ፈተና መጣ፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ ገንዘቡም የለም። "ደህና ነሽ እኮ" ተባለ። ቀጠሮውን ተውኩት። ማንም አልተቆጣኝም። ሁላችንም ደክሞን ነበር።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አዲስ ሰው ሆኜ ልጀምር አሰብኩ። ከአንገቴ ሻሽ አይለይም። የዶርም ልጆች "ብርዳም" ይሉኛል፤ እስቃለሁ። ማታ መብራት ሲጠፋ ግን ጣቶቼ አንገቴ ላይ ናቸው። በግራ፣ በቀኝ፣ ከመንጋጋዬ ሥር፣ ከብብቴ። እንደገና ከመጀመሪያው። ጉንፋን ሲይዘኝ ጉንፋን ነው ብዬ አላውቅም። "ተመለሰ" ነው የምለው።

አንድ ነገር ደግሞ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። 25 ዓመት አልደርስም ብዬ አምን ነበር። ማንም አላለኝም፤ ዝም ብዬ አመንኩት። እንዲህ ያመነ ሰው ለገላው አይጨነቅም። ቁርስ አልበላም። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ አመሻለሁ። ስፖርት የሚባል ነገር አልነካም፤ ልቤ ይፈነዳል ብዬ እፈራለሁ። ጥርሴ ሲቦረቦር አልታከምኩም። የማልኖርበትን ቤት ለምን ልጠግን? እንደዚያ ነበር ነገሩ። ሰዎች "ከሞት የተረፈች ልጅ ጤናዋን መጠበቅ አለባት" ይላሉ። እውነት ነው። ግን መጀመሪያ መኖሯን ማመን አለባት። እኔ ለዓመታት ጤናዬን ያልጠበቅሁት ሰነፍ ሆኜ አይደለም። የሚቆይ ሰው መሆኔን ስላላመንኩ ነው። ይህን ስሜት የምታውቁት ካላችሁ፣ ሌሎች ብዙ ሰዎችም እንደሚያውቁት እወቁ። ባለሙያም የሚያውቀው ነገር ነው። ሊነገርና ሊታገዝ ይችላል።

በ2015 አስተማሪ ሆኜ አንድ ዓመት ሳይሞላኝ ድካም ያዘኝ። እንዲህ ያለ ድካም አላውቅም። እኩለ ቀን ላይ ጋቢ ለብሼ አስተምራለሁ። ፊቴ ያብጣል። ምንም ሳልበላ ኪሎዬ ይጨምራል። የተማሪዎቼን ስም እረሳለሁ። ከዚያ ፀጉሬ መርገፍ ጀመረ። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ሳይ 12 ዓመቴ ላይ ተመለስኩ።

አራት ወር ለማንም አልተናገርኩም። በደብተር ላይ ልብሶቼን ለማን እንደምተው ጻፍኩ። ማታ ማታ አለቅሳለሁ፤ ጠዋት ክፍል እገባለሁ። አንዳንድ ሰው "ዓይነ ጥላ ነው" አለኝ። አንዳንዱ "ባል አግቢ" አለኝ። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዛ ባሕር ዳር ወሰደችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ዶክተሩ አንገቴን ሲያይ ጠባሳዎቹን አየ። አንዱ የተተኮስኩበት፣ አንዱ ናሙና የተወሰደበት ነው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ልጅ ሆኜ እጢ ነበረብኝ።"

"የምን እጢ?"

ዝም አልኩ። ባልደረባዬ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ እሷም አታውቅም። "ካንሰር" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ዶክተሩ አልደነገጠም። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋና ጥያቄ ማከታተል ጀመረ። "የትኞቹን መድኃኒቶች ወሰድሽ? ጨረር ነበር? የት ላይ? ስንት ጊዜ? ልብሽን በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ የታየሽው መቼ ነው?" ከጨረሩ በቀር አንዱንም አላውቅም። ራሴ ላይ የሆነውን ነገር አላውቀውም። ዶክተሩ የደም ምርመራ አዘዘና "ካርድ ካለሽ ፈልጊ" አለኝ።

ያን ቀን እናቴ ጋር ደወልኩ። "እማዬ፣ የጥቁር አንበሳው ካርድ አለ ወይ?" አልኳት። ስልኩ ላይ ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ "አለ" አለችኝ። "ሙዳዬ ውስጥ ነው።"

11 ዓመት ሙሉ ስሙን ያልጠራችው እናቴ፣ ካርዱን ከሠርጓ ድሪ ጋር በአንድ ሙዳይ አስቀምጣው ኖራለች። ከካርዱ ጋር የቀጠሮ ወረቀቶች ነበሩ፤ ቆርጣ የያዘችው የፀጉሬ ጉንጉንም ነበር። መርገፍ ከመጀመሩ በፊት የቆረጠችው ነው። ፀጉሬን ማስቀመጧን አላውቅም ነበር።

የደሙ ውጤት መጣ። ካንሰሩ አልተመለሰም። የታይሮይድ እጢዬ ሥራ አቁሞ ነበር። አንገት ላይ የሚሰጥ ጨረር ከዓመታት በኋላ ታይሮይድን ሊያደክም ይችላል፤ እንደ እኔ ዓይነት ሕክምና ባደረጉ ሰዎች ላይ በጣም የተለመደ ነገር ነው። ድካሙ፣ ብርዱ፣ የፀጉሩ መርገፍ፣ መርሳቱ፣ ሐዘኑ ሳይቀር ከዚያ ሊመጣ ይችላል። በየዓመቱ ቲ ኤስ ኤች የሚባለውን የደም ምርመራ ብሠራ ኖሮ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። አራት ወር ሙሉ ኑዛዜ ስጽፍ የከረምኩት በአንዲት ኪኒን ለሚስተካከል ነገር ነው።

በካርዱ ቁጥር አዲስ አበባ ሄጄ የድሮ ፋይሌን አስፈለግሁ። ሁለት ቀን ፈጀ፤ ግን ተገኘ። ከፋይሉ ላይ አንዲት ሐኪም በአንድ ገጽ ጻፈችልኝ። የበሽታው ስም፣ ደረጃው፣ ሕክምናው የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ አራቱ መድኃኒቶች፣ የጨረሩ ቦታና መጠን። ያቺ አንድ ገጽ ዛሬ ከመታወቂያዬ እኩል ናት። ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይም አስቀምጫለሁ። ኮፒዋን ለወንድሜ ሰጥቻለሁ። ዋናውን ካርድ እናቴ "መልሺልኝ" ስላለችኝ ወደ ሙዳዩ ተመልሷል።

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ያቺን ገጽ አስጽፉ። እኔ ከእሷ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ዶክሶሩቢሲን ልብን ሊያደክም ይችላል፤ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላም ሊታይ ይችላል። እኔ የወሰድኩት መጠን በድምሩ ከፍ ከሚባለው ወገን ስለሆነ በየሁለት ዓመቱ የልብ ኢኮ እታያለሁ። እስካሁን ልቤ ደህና ነው። ብሊኦማይሲን የሚባለው ደግሞ ሳንባን የሚነካ ነው። ሲጋራ ለእኔ ጨርሶ አይታሰብም። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገኝ ከሆነም ማደንዘዣ ለሚሰጠው ባለሙያ አስቀድሜ መንገር አለብኝ፤ ብዙ ኦክስጅን መስጠት ሳንባዬን ሊጎዳው ይችላልና። ደረቷ ላይ ጨረር የወሰደች ሴት የጡት ምርመራ ለመጀመር 40 ዓመት እስኪሞላት አትጠብቅም። ከ25 ዓመቷ ወይም ጨረሩ ካለቀ ከ8 ዓመት በኋላ ትጀምራለች፤ ከሁለቱ የሚዘገየው ነው የሚወሰደው። እኔ ዘንድሮ ጀመርኩ። የእናንተ መድኃኒቶች ሌሎች ከሆኑ የሚጠብቋችሁ ነገሮችም ሌሎች ናቸው። የደም ካንሰር የታከመና አንድ ኩላሊቱ የወጣለት ሰው አንድ ዓይነት ክትትል የላቸውም። ለዚህ ነው የራሳችሁ ገጽ የሚያስፈልጋችሁ።

የታይሮይድ ኪኒኗን የምወስደው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ነው። ቁርስም ቡናም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይጠብቃሉ። ቡና መድኃኒቱ በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ይህን ለእናቴ ማስረዳት ከባድ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ቀን የሚጀምረው በቡና ነው። አሁን ግን ረከቦቱን ሳታወጣ "ዋጥሽ?" ትለኛለች። ጎረቤት ደግሞ "ጎመን ተይ፣ አዮዲን ያለው ጨው ብዪ" ይመክረኛል። አዮዲን ያለው ጨው ለሁሉም ጥሩ ነው። ግን ጨረር የጎዳውን እጢ አያድንም፤ ኪኒኑን አይተካም። ጎመኔንም እበላለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ ጭንቅ ውስጥ ገባሁ። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ስሙን እየጠራሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ልጄ፣ መድኃኒት ጾም አይገድፍም፤ ውኃውም የመድኃኒቱ ነው" አሉኝ። ጎህ ሲቀድ እውጣለሁ፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ሐኪሜም ያውቃል። እናንተ ግን የራሳችሁን ሐኪምም የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ፤ ኩላሊቱ የተጎዳ ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይጠጣ መዋል ላይስማማው ይችላል። አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አካባቢ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የሁለት ሦስት ወር ኪኒን አስቀድሜ እገዛለሁ። አንድ ጊዜ አልቆብኝ ሦስት ሳምንት ያለ መድኃኒት ከርሜ ተምሬያለሁ።

ኪኒኗ ድካሙን ወሰደችው። ፍርሃቱን አልወሰደችውም። ሰውነቴ ሲሻለኝ ፍርሃቱ ይበልጥ ጎልቶ ታየኝ። ሐኪሙ ወደ ሥነ አእምሮ ነርስ ላከኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ እብድ ነሽ ያለኝ መሰለኝ። ሰው ያየኛል ብዬ ነጠላዬን ተከናንቤ ገባሁ። አንዲት ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ስለ በሽታው አልጠየቀችኝም። "አንገትሽን በቀን ስንት ጊዜ ትነኪዋለሽ?" አለችኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። "ቆጥረሽ ነይ" አለችኝ። ቆጠርኩ። 34 ጊዜ።

ተስማማን። አንገቴን የምፈትሸው በወር አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በልደታ ቀን ጠዋት። በሌላው ቀን እጄ ሲሄድ ሌላ ነገር እይዛለሁ። ምን ሲሆን ሐኪም ቤት መሄድ እንዳለብኝም ተጻፈልኝ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ወይም እያደገ የሚሄድ እጢ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ አንሶላ የሚያርስ የሌሊት ላብ፣ ሳይፈለግ የሚቀንስ ኪሎ። ከእነዚህ አንዱ ካለ እሄዳለሁ። ከሌለ እተኛለሁ። ወረቀቷ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፋለች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም ከብደውኝ ነበር። እጄ ራሱ ይሄዳል። አሁን አንዳንድ ልደታ ረስቼው ይውላል።

ስለ ወለጋው ልጅም የተናገርኩት እሷ ጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። በብዙ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ይህን ቁጥር ሳነብ ያየሁት የእሱን አልጋ ነው። ለምን እኔ? ለምን እሱ አይደለም? ደስ ባለኝ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል፤ ደስታዬን ከእሱ የሰረቅሁት ይመስለኛል። ነርሷ ሰምታ ስትጨርስ "ስሙን ታስታውሻለሽ?" አለችኝ። አስታውሰዋለሁ። "ጸሎት ላይ ጥሪው" አለችኝ። አሁን እጠራዋለሁ። ጠጠሮቹ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ "የጓደኛዬ ናቸው" እላለሁ።

ሌላው ሸክሜ ወንድሜ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፤ እሱ ከስምንተኛ ክፍል ቀርቷል። ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር ግማሹን እልክለታለሁ። እሱ ይመልሳል፤ እንጣላለን። ባለፈው ዓመት አጨዳ ላይ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ጋሼ፣ ትምህርትህን በእኔ አጣህ" አልኩት። ማጭዱን አስቀምጦ ሳቀ። "ማን ነገረሽ? እኔ ሒሳብ አልገባ ብሎኝ ልጠፋ ነበር፤ አንቺ ምክንያት ሆንሽልኝ" አለኝ። ከዚያ ሳቁን ትቶ "በሬው ሲሸጥ ግን አልቅሻለሁ፤ ስለ በሬው ነው ያለቀስኩት፤ አንቺ እንደምትድኚ አውቅ ነበር" አለ። 12 ዓመት ሙሉ በሆዴ የያዝኩትን ዕዳ እሱ ጨርሶ አያውቀውም። ጠይቁ። የተሸከማችሁትን ነገር ባለቤቱ ያውቀው እንደሆነ ጠይቁ።

ስለ ትዳርም ልናገር፤ ብዙ ልጆች የሚጨነቁበት ነው። በ2016 አንድ ሰው ሽማግሌ ሊልክ ነበር። የምወደው ሰው ነው። ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። ካንሰር፣ ኬሞ፣ ጨረር፣ ታይሮይድ፣ የልብ ኢኮ፣ ሁሉንም። "ላስብበት" አለኝ። እኛ ጋ ዘር ይጠየቃል። እናቱ "በዘራቸው አለ ወይ?" ብለው ሰው ላኩ። ከዚያ ሰውየው ስልክ አላነሳም። ሁለት ሳምንት እንጀራ አልዋጥልኝ አለ። ውሸት አልናገርም፤ አመመኝ።

ግን አሁንም የሚመጣ ካለ ሽማግሌ ሳይላክ እነግረዋለሁ። ከተላከ በኋላ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይጋጫል፤ ሳይነገር ከቀረ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ወዴት እንደምሄድ እየዋሸሁ ልኖር ነው። ሆጅኪን አይተላለፍም። በአብዛኛው ሰው ላይ በዘር የሚወረስ አይደለም። እኔ የወሰድኳቸው አራቱ መድኃኒቶች ልጅ መውለድን ብዙ ጊዜ አይከለክሉም፤ የሚከለክሉ ሌሎች መድኃኒቶች ግን አሉ። የእናንተን ሐኪም ጠይቁ፤ ወንዶችም ጠይቁ፤ ይህ የሴት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሳረግዝ ልቤ እንደገና መታየት እንዳለበት አውቃለሁ። ያን ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። እንደምኖር ሰው ማለት ነው።

ኑሮዬ ላይ የለወጥኳቸው ነገሮች ትንንሽ ናቸው። ከተከራየሁበት ቤት ትምህርት ቤቱ 40 ደቂቃ በእግር ነው። ድሮ በባጃጅ ነበር። መጀመሪያ ግማሹን መንገድ መራመድ ጀመርኩ፤ አሁን ደርሶ መልሱን እሄዳለሁ። ለአዋቂ የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ እኔ በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ። ልቤ አልፈነዳም። ኢኮውን ካየሁ በኋላ ሐኪሙ "ተራመጂ" ስላለኝ ፍርሃቴ ቀለለ። እናንተም ከባድ ስፖርት ከመጀመራችሁ በፊት ልባችሁን ታዩ።

ምግባችን በራሱ ጥሩ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ። ያስቸገረኝ ጨው ነው። የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ አትሞላም። በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ላይ እንደገና ይጨመራል። አሁን የራሴን በርበሬ ያለ ጨው አስፈጫለሁ። የልብ ነገር ስላለብኝ ግፊቴ እንዲጨምር አልፈልግም።

ጠላና አረቄ ከባድ ነው። ሠርግ ላይ፣ ዝክር ላይ "አፈር ስሆን፣ በሞቴ" እየተባለ እምቢ ማለት ስድብ ይመስላል። አልኮል ግን ራሱ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ ነው። "መድኃኒት ላይ ነኝ" እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ማንም አይከራከረኝም። ጭስ ደግሞ ሌላው ነው። እናቴ ቤት በሦስት ጉልቻ ስትጋግር አጠገቧ እቀመጥ ነበር። አሁን ምርጥ ምድጃ ገዛሁላት፤ ከጣሪያው ሥር መስኮት አስወጣን። ለእኔ ሳንባ ብዬ ጀመርኩት፤ የእሷ ሳል ነው የተሻለው።

ዘንድሮ በፋሲካ ማግሥት እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። አንዲት ጎረቤት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። አንገቱ ላይ እጢ አለ። "የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ አልጠፋም" አለች። ሌሎቹ ሴቶች "እንቅርት ይሆናል"፣ "አስተኩሺው"፣ "ጠበል ውሰጂው" እያሉ ነው። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ስኒዋን አስቀመጠች።

"የእኔ ልጅ ካንሰር ነበረባት" አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ደነገጥኩ። እሷ ግን ወደ ጎረቤታችን ዞራ ቀጠለች። "ካንሰር ነው ስሙ። እሷም እንዲሁ ነው የጀመራት። ጠበሉንም ውሰጂው፤ ግን ናሙና ውሰዱለት በያቸው። ተጠምቀንም ታክመንም ነው የዳነችው፤ ይኸው ተቀምጣለች።"

ሴትዮዋ ልጇን ወደ ራሷ ሳበችው። "ካንሰር ከሆነ ምን አደርጋለሁ እታለም?" አለች።

"የት እንደምትሄጂ አሳይሻለሁ" አለች እናቴ። ተነስታ ሙዳዩን አወረደች።